አምባሩን ያሰርንበት ሳምንት

ነገሩ ሁሉ ያስከፈለኝ ይህን ነው፤ ቅቤዬን በባልዲ ሲቀበለኝ የኖረ አንድ የአዲስ አበባ ደንበኛ፣ ከነክዳናቸው የተጣሉ ባልዲዎች፣ ከሚስቴ ጋር የሳምንት ጭቅጭቅ።

ሶዶ ገበያ ቅቤ ነጋዴ ነኝ። ቅቤው ከቢጠናና ከገሱባ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ይመጣል፤ እኔ በፕላስቲክ ባልዲ ጠቅጥቄ ወደ አዲስ አበባ እጭን ነበር። ሚስቴ ሁለት ጊዜ ፅንስ ጨንግፎባታል። ሐኪሙ «ምንም አይታይም» ብሎ መለሰን። እኔ የማይታይ ነገር አልገዛም፤ እሷ ግን ምክንያቱን ካላወቅሁ አላርፍም አለች።

ያኔ ማዳበሪያውም ስብሰባውም በቀበሌው አንድ ለአምስት አደረጃጀት ነበር የሚመጣው። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪም በዚያው መጣች። የጎማ አምባር ይዛለች። የገዢው ፓርቲ የአባልነት ምልክት መስሎኝ እጄን ኪሴ ከተትኩ።

«አይደለም ጋሼ» አለች እየሳቀች። «ከፕላስቲክ፣ ከቅባት፣ ከሳሙና እየወጣ የሰውነትን ሆርሞን የሚረብሽ ኬሚካል አለ። አምባሩ ያን ይመጥጣል። ሳምንት ታደርጉታላችሁ፣ ከዚያ ላብራቶሪ ይለካል። ብቻ እንደወትሯችሁ ኑሩ።»

«ፅንስ ያስወርዳል?» አለች ሚስቴ።

«ሊሆን ይችላል ይባላል፤ እየተጠና ነው።»

ሚስቴ ከኔ ቀድማ እጇን ዘረጋች።

እንደወትሯችሁ ኑሩ ቢባልስ ማን ይሰማል? ቤትህን ሊያይ እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጸዳል። ማታ ስገባ ጀሪካኑ የለም፣ ሳፋው የለም፣ ጆጉ የለም። ውሃ በሸክላ ቀረበልኝ።

«አንቺ፣ ተዘረፍን እንዴ?»

«ቤቴን እንዲህ ተዝረክርኮ አላስለካም!»

«እንደወትሯችሁ ነው ያለችው እኮ።»

«አንተስ ቅቤ ስትሸጥ ቆሻሻውን ከላይ ታደርጋለህ?»

እኔ ግን ክንዴን እስከ አምባሩ ባልዲ ውስጥ እየነከርኩ እንደወትሮዬ ስጠቀጥቅ ሰነበትኩ።

ከወራት በኋላ ተመራማሪዋ ሁለት ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይዛ መጣች። የሚስቴ ከኔ ይበልጣል።

«ተሳስታችኋል» አልኩ። «ፕላስቲክ ውስጥ የምውለው እኔ ነኝ።»

ተመራማሪዋ ሚስቴን ዞር ብላ አየቻት። «የቤቱን ፕላስቲክ የት ነበር ያስቀመጡት?»

«አልጋ ሥር።»

«እኔስ እዚያው አልጋ ላይ አይደል የምተኛው?» አልኩ።

ተመራማሪዋ ወረቀቱን ገለበጠችው፤ ጀርባው ባዶ ነው። «የፀጉር ቅባትም ሊሆን ይችላል» አለች።

«እሺ፣ ይሄ ቁጥር ብዙ ነው ትንሽ?»

«ከዚህ ካለፈ ይጎዳል የሚባል ልክ ገና አልወጣለትም።»

ዕድሜ ልኬን ስመዝን ኖሬ፣ ድንጋይ የሌለው ሚዛን ያን ቀን አየሁ።

ሚስቴ ወረቀቱን ተቀበለቻት። «ታዲያ ልጆቼን የወሰደው ይሄ ነው?»

«ነው ልልዎት አልችልም።»

«አይደለምስ?»

«እሱንም አልችልም።»

ከዚያ ወዲያ እኔ ባልዲዎቹን ጣልኩ፣ እሷ የፀጉር ቅባቷን። ለምን እንደሆነ ሁለታችንም በደንብ አናውቅም። ቅቤውን በኮባው እንዳለ ስጭንለት ደንበኛዬ «ኮባው መንገድ ላይ ያፈሳል» ብሎ ሌላ ነጋዴ ያዘ። ጎረቤት «ምን ተገኘ?» ሲላት ሚስቴ «ቁጥር» ትላለች፤ እኔም ከዚያ የተሻለ ማስረዳት አልችልም።

ሒሳቡ ሲዘጋ፦ ሁለት ቁጥር አለን፤ ልጅ የለንም።