ኮፈኑን የቀደደልን ይስማው

ትእዛዙ የደረሰን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። «ነገ ጎህ ሲቀድ ባለ ግራሩን ጉብታ እንይዛለን። ሹፌር፣ ቁስለኛ የምታመላልሰው አንተ ነህ፤ መኪናህን አዘጋጅ።» ሻምበላችን ያለን ይህን ብቻ ነው። እኔ ግን ከጉብታው ይልቅ መኪናዋን ፈራሁ።

ዛሬ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ሰው እያመላለስኩ የምኖር ሰው ነኝ። ወጣቶቹ ሹፌሮች ኮፈኔ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች እያዩ «ጋሼ፣ መኪናዎን አይጥ በላብዎት እንዴ?» ይሉኛል። ይሳቁ፣ ግድ የለም። ቀዳዳዎቹን ያስቀደድኳቸው ግንባር ላይ ያየሁትን ይዤ ነው፤ ያየሁትንም ልንገራቸው።

ግንባር ላይ የተሰጠችኝ አሮጌ ፒካፕ ነበረች። ራዲያተሯን ጥይት እንዳይበሳው ከፊቷ ወፍራም ብረት በይደውባታል። ጥይቱ አልገባም፤ አየሩም እንደልቡ አልገባም። ከጉብታው ሥር ተነስቶ ሕክምና ጣቢያው ለመድረስ መጀመሪያ ዳገት አለ፣ ከዚያ ረጅም ሜዳ። ዳገቱን ሳትጨርስ ውሃዋ ይፈላል። እኔም በአገሬ መንገድ የለመድኩትን አደረግኩ። እኛ ዘንድ ሞተር የሞቀበት ሹፌር የኮፈኑን የኋላ ጠርዝ፣ በመስታወቱ በኩል ያለውን፣ ከሥሩ እንጨት ሰክቶ ከፍ ያደርገዋል። «ትተንፍስ» ይላል። ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ ስንወጣ እውነትም ቀለል አላት፤ በሙያዬ ኮራሁ።

ኩራቴ ሜዳው ላይ አለቀ። ከትእዛዙ ሁለት ቀን በፊት ሆዱን የተመታ ጓዳችንን አለማየሁን ጭኜ ስበር፣ ነፋስ ያበርዳታል ባልኩበት ሜዳ ላይ የሙቀቱ ጌጅ ቀዩን ነካ። ቆምን። ውሃ ጨመርን። ሄድን። እንደገና ቆምን። በሦስተኛው ላይ አለማየሁ «ደረስን?» አለኝ። «ደርሰናል» አልኩት። አልደረስንም ነበር። እዚያው ሜዳ ላይ አረፈ።

አብሮን የዘመተው አሥር አለቃ ይስማው የቡሬ ገጠር ልጅ ነው፣ ከአዊ ቤተሰብ። ከመዝመቱ በፊት ቡሬ ከተማ ውስጥ ባትላሜራ ነበር፤ የተጨራመተ የመኪና አካል ያቃናል። ዝምተኛ ነው። የሚናገረው ብረት አልታዘዝ ሲለው ነው፤ ያኔ በአገውኛ ይቆጣዋል። ትእዛዙ በመጣበት ቀን ወደ እሱ ሄድኩ።

«ይስማው፣ የፊቱን ብረት አንሳልኝ» አልኩት።

«ሻምበል አይፈቅድም። እውነቱንም ነው፤ ራዲያተሩ ከተበሳ መኪናም የለን።» ዞሮ ኮፈኑን አየና «ይህን እንጨት ማን ሻጠው?» አለኝ።

«እኔ ነኝ። ሙቀቱ እንዲወጣ ብዬ።»

«ሲወጣ አይተኸዋል?»

አላየሁም። ነፋስን ማን አይቶ ያውቃል?

ጋቢውን ከትከሻው አወረደ። ሚስቱ የፈተለችው ጋቢ ነው፤ እንኳን ሊቀደድ አቧራ ሲነካው የሚከፋው ሰው ነበር። ከጫፉ ክር መዘዘ፣ በጣት ቁመት ቆራረጠ፣ በቁስል ፕላስተር ኮፈኑ ላይ ከዳር እስከ ዳር ለጠፈ። ከዚያ ጎኔ ተቀምጦ «ሜዳው ላይ ንዳ» አለኝ። ፍጥነት ስጨምር በመስታወቱ ሥር ያሉት ክሮች ዞረው በክፍተቱ ወደ ውስጥ ገቡ። ከራዲያተሩ ትንሽ ወደ ኋላ ያሉት ደግሞ ብድግ ብለው ቆሙ።

«አየህ ወንድም ዓለም» አለኝ። «ዳገት ላይ ስታዘግም ሙቀቱ በዚህ ይወጣል። ስትበር ግን ነፋሱ መስታወቱን ገጭቶ በከፈትህለት ይገባና ሙቀቱን መልሶ ያፍነዋል። መውጫው ክሮቹ ብድግ ያሉበት ነው፤ እዚያ ነፋሱ ወደ ላይ ይስባል።»

መኪናዋን አቆምኩ። «አለማየሁን እኔ ነኛ የገደልኩት» አልኩ።

«የገደለው ጥይት ነው። ና ኮፈኑን ያዝልኝ።»

ከዚያ በኋላ ይህን ነገር አላነሳብኝም። እንጨቱን ነቅሎ ጠርዙን ወደ ቦታው መለሰ። ክሮቹ ብድግ ባሉበት በከሰል አሰመረና በመዶሻና በመሮ ስድስት ቦታ ቀደደ። ብረቱን ከፊት በኩል ሳይቆርጥ ትቶ የኋላ ጫፉን ቀና አደረገው፤ የቀዳዳዎቹ አፍ ወደ መስታወቱ ዞረ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረሰ። ጋቢውን መቀመጫው ላይ ረስቶት ሄደ።

ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ተንቀሳቀስን። አንድ ሰዓት ላይ ጉብታው ሥር ነበርን። መትረየስ ያዘን። ግራ ክንፋችን ቆመ። ቀኝ ክንፋችን ዞረ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጉብታውን ያዝን።

አራት ከባድ ቁስለኞች ተጫኑ። ይስማው ጭኑን ተመቶ፣ በቀበቶ አስሮት፣ ግራሩ ሥር ተቀምጧል። ቁስለኞቹን አጠጋጋሁና ላነሳው ስል እጄን ያዘኝ።

«እኔ እጠብቃለሁ፤ እነሱ መጠበቅ አይችሉም። ጋቢውን አልብሳቸው። ጌጁን እያየህ ንዳ።»

ዳገቱን ወጣን። ጌጁ ግማሽ ላይ ነው። ሜዳው ውስጥ ገባን። እግሬን ጫንኩት። አለማየሁ ያረፈበትን ቦታ ሳልፍ ጌጁ ከግማሽ ንቅንቅ አላለም። አንዴም ሳልቆም ደረስኩ። ሐኪሙ «ትንሽ ብትዘገይ ሁለቱን አናተርፋቸውም ነበር» አለኝ። በደስታ አለቀስኩ፤ ለይስማው ልነግረው እየበረርኩ ተመለስኩ።

እንደተውኩት ተቀምጧል። ቀበቶው ደሙን አልያዘለትም። ፊቱን እኔ ወደምመጣበት መንገድ አዙሮ ነበር።

በዚያ ጉብታ ሰባት ጓዶች ቀበርን፤ ሰባተኛው ይስማው ነው። አለማየሁን ስጨምር ስምንት እላለሁ። የጫንኳቸው አራቱ ግን ዛሬም አሉ። አንዱ እዚሁ ፍኖተ ሰላም በርበሬ ይሸጣል፤ መኪናዬ ላይ ሲሳፈር መጀመሪያ ኮፈኑን መታ መታ አድርጎ ነው የሚገባው።

ከግንባር ስመለስ ጋቢውን አሳጥቤ ቡሬ ገጠር ለባለቤቱ ለወይዘሮ ጥሩዬ ወሰድኩላቸው። እያለቀሱ ዳበሱት። ጫፉ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

«ይህን ማን መዘዘው?» አሉኝ።

«እሱ ነው፣ እትየ» አልኩና ስለ ክሮቹ፣ ስለ ኮፈኑ፣ ስለ አራቱ ነገርኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«አራቱም ተርፈዋል?»

«አራቱም።»

«እንዲህ ከሆነስ የእኔም እጅ ነበረበት» አሉና ጋቢውን ለበሱት።

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በነዳሁ ቁጥር ጌጁን አያለሁ። ግማሽ ላይ ነው። ባልና ሚስቱን ሁለቱንም አመሰግናለሁ።