ቃሬዛውን ያሳደሩት ሲስተር ፈለቀች

ሲስተር ፈለቀች በፍልሰታ ጾም፣ ደብረ ታቦር ቀኑን ሙሉ በጉም ተሸፍና በዋለችበት አንድ ማክሰኞ ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ያዋለዷችሁ እናቶች፣ ያስተማሯችሁ አዋላጅ ነርሶች፣ ባልደረቦቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ሁላችሁም ሰምታችኋል። ቀብራቸው ላይ ያልደረሳችሁትም መንገድ ተዘግቶባችሁ እንደሆነ እናውቃለን። ይህን የምጽፈው ግን መርዶ ለመንገር ብቻ አይደለም። ከሞቱ ወዲህ አንድ ወሬ ተነሥቷል፤ እዚያው ለቅሶ ድንኳን ውስጥ በሹክሹክታ ሲነገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «ቃሬዛው ወሰዳቸው» ይባላል። ቃሬዛውን የሠራሁት እኔ ነኝና ነገሩን ከሥሩ ልናገር።

ሲስተር በዩኒቨርሲቲያችን የአዋላጅነት ትምህርት መምህርት ነበሩ። ተወልደው ያደጉት ከጉና ተራራ ሥር ነው፤ ብርዱንም የሰዉንም ጠባይ ያውቁታል። ተማሪዎቻቸውን ማዋለጃ ክፍል ሲያስገቡ መሣሪያ ከማስያዛቸው በፊት ምጥ የያዛትን ሴት እግር በመዳፋቸው ያስጨብጧቸው ነበር። «የበረዳት ሴት አታምጥም፤ መጀመሪያ አሙቋት» ይሉ ነበር። ቢሯቸው ውስጥ የነበረው ቁም ሣጥን መጽሐፍ የለበትም፤ ጋቢ፣ ካልሲና የሕፃን ልብስ ነው የሞላው። ከገጠር በሽተኛ ተሸክሞ የመጣ ሰው ደጅ ላይ ሲንዘፈዘፍ ካዩ ጋቢ ደርበውለት ሻይ ያስጠጡታል። ጋቢው በዚያው ሲቀር «ሲስተር፣ ይዞት ሄደ እኮ» እንላቸዋለን። «ሄደ፤ ግን ሞቆት ነው የሄደ» ይሉናል።

ዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰቡን ለሚጠቅም ሥራ በየዓመቱ አነስተኛ ድጋፍ ይሰጣል። ገንዘቡ ትንሽ፣ ጣጣው ብዙ ስለሆነ አብዛኞቻችን ማስታወቂያውን አይተን እናልፋለን። ሲስተር ግን አንድ ቀን ያንን ማስታወቂያ ይዘው ወርክሾፕ ድረስ መጡብኝ። በዚያ ሰሞን ከተወለዱበት መንደር አንዲት ምጥ የያዛት ሴት፣ በሁለት አጣናና በጋቢ በተሠራ ቃሬዛ ስትመጣ፣ ቁልቁለቱ ላይ ጋቢው ተፈትቶ ወድቃ ነበር። እሷ ተረፈች፤ ልጇ አልተረፈም። «አንተ ብረት መበየድ ታውቃለህ፤ ሰው የማይጥል ቃሬዛ ሥራልኝ፤ ማመልከቻውን አብረን እንጽፋለን» አሉኝ።

እኔ ሜካኒካል መሐንዲስ ነኝና ወዲያው ከሥሩ የብስክሌት ጎማ ልግጠምበት አልኩ። ከት ብለው ሳቁብኝ። «የጉና ጎማ የሰው ትከሻ ነው፣ ልጄ» አሉ። ጎማው ቀረ፤ ቃሬዛው ከቀላል የብረት ቱቦና ከጠንካራ ሸራ ተሠራ፤ ማሰሪያ ቀበቶና የዝናብ መከለያም ተደረገለት።

ፕሮፖዛሉን ለገምጋሚ ኮሚቴው ስናቀርብ የተጠየቅነውን ሁሉ መለስን፤ አንድ ጥያቄ ብቻ አስቸገረን። «ዕቃው መንደሩ ውስጥ ማን ቤት ይቀመጣል?» ተባለ። ሲስተር ወረቀታቸውን እየሰበሰቡ «መንደሩ ይጠብቀዋል» አሉ። ኮሚቴው ድጋፉን ፈቀደ። ነገር ግን በዓመቱ ውስጥ ቃሬዛውን በኃላፊነት የሚይዝ ቤተሰብ ካልተገኘ ወደ መጋዘን እንዲመለስ፣ ለጎረቤት መንደሮች የታሰበውም እንዲቀር ወሰነ።

ጥያቄው ለምን እንዳስቸገራቸው የገባኝ ቃሬዛውን ይዘን ወደ መንደሩ ስንወጣ ነው። መስቀል ባለፈ በሳምንቱ እሑድ፣ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ ደረስን። ሁሉም ወደደው። ጎረምሶቹ እርስ በርሳቸው እየተሸካከሙ ተሳሳቁ። «ማን ቤት ይደር?» ሲባል ግን ሳቁ ጠፋ፤ ሰው ሁሉ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። በመጨረሻ የመንደሩ ሽማግሌ አያ ደምሌ ተነሡ።

«ሲስተር፣ አንቱ የዚህ አገር ልጅ ነዎት፤ ለአንቱ አይነገርም። ቃሬዛ ከሰው ቤት አያድርም። ካደረ ሰው ሳይዝ አይወጣም።»

ቤተ ክርስቲያን ይቀመጥ እንዳንል እዚያ የሙታኑ ቃሬዛ አለ፤ ሴቶቹ ከእሱ ጋር ባደረ ነገር ላይ ምጥ ይዞን አንተኛም አሉ። ጤና ኬላው ከወንዝ ማዶ ነው፤ ክረምት ሲገባ አይደረስበትም። ሲስተር ሁሉንም ሰሙና «እንግዲያው እስከሚመጣው መስከረም እኔ ቤት ይደር። ያኔ በሕይወት ካለሁ ትወስዱታላችሁ?» አሉ።

አያ ደምሌ ደነገጡ። «በነፍስ ውርርድ የለም፣ ይተዉ!» አሉ።

«ትወስዱታላችሁ ወይስ አትወስዱም?»

«እንወስዳለን» አሉ ሽማግሌው፤ ወዲያው አማተቡ።

ቃሬዛው የሲስተር ሳሎን ውስጥ፣ ከመቀመጫቸው ፊት ለፊት፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። አንዳንድ ጎረቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ ማውራት ጀመረ። ሲስተር «ግቡ እንጂ፣ አይናከስም!» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። አይፈሩም ነበር የምትሉ ካላችሁ ግን ተሳስታችኋል። ያደጉት ያንኑ ሲሰሙ ነውና ይፈሩ ነበር። ሲመሽ ብረቱ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ብረት ሲቀዘቅዝ እንደሚኮማተር አስረዳኋቸው። «እሺ፣ ብረት ነው» አሉና ትንሽ ቆይተው «ግን ለምን እኔ ራት ስቀርብ?» አሉኝ። ሳቅን። እኔ ሳቄን ቶሎ ጨረስኩ።

ከፋሲካ በኋላ እየከሱ ሄዱ። ጾሙ ነው አልን። ባገኙኝ ቁጥር «መስከረም ስንት ቀረው?» ይሉኛል። ለኮሚቴው የምናቀርበው ሪፖርት ያስጨነቃቸው መስሎኝ «ገና ነው፣ አይቸኩሉ» እላቸው ነበር። ገና መሆኑን ስነግራቸው ፊታቸው ላይ ያየሁት ነገር አሁንም ከዓይኔ አልጠፋም።

መስከረም ሳይጠባ ሞቱ። በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ታናሽ እህታቸው ወይዘሮ አልማዝ ለብቻ ጠርተው የማላውቀውን ነገሩኝ። ሲስተር ሕመማቸውን ያወቁት ያን ጊዜ ቃሬዛውን ይዘን ወደ መንደሩ ከመውጣታችን አስቀድሞ ነበር። ሐኪሙ የማይድን መሆኑን ሲነግራቸው የጠየቁት ስለ መድኃኒት አልነበረም። «እስከሚመጣው መስከረም ያደርሰኛል?» ብለው ነበር፤ ውርርዱን ያኔውኑ አስበውት ኖሯል። ሐኪሙ ሲያመነታ «ለማንም እንዳትነግሪ» ብለው እህታቸውን በመስቀል አስማሏቸው። ሰዉ ቢያውቅ «ቃሬዛው ገና ሳይገባ አሸተታት» ማለቱ እንደማይቀር ገብቷቸዋል።

ተናደድኩ። ሰው ያለቀበትን ዕድሜ እንዴት መያዣ አድርጎ ያቀርባል? አሁንም ንዴቴ አልበረደም፤ ናፍቆቴም እንዲሁ።

ቤተሰቡ ቃሬዛው እንዲወጣላቸው ለመኑ፤ የሚያግዘኝ ሰው ግን አልተገኘም። ብቻዬን ተሸክሜው ከተማውን ሳቋርጥ ሰው እያማተበ መንገድ ለቀቀልኝ። ወርክሾፕ አስገብቼ ልወጣ ስል ብረቱ ቀጭ አለ። የብረትን ጠባይ በሰሌዳ ላይ የማስተምር ሰው ነኝ። መብራቱን ሳላጠፋ ወጣሁ።

ወይዘሮ አልማዝን አስፈቅጄ ቃሬዛውን በበቅሎ አስጭኜ ወደ መንደሩ ወጣሁ። ሲስተር ቀድሞውኑ ታመው እንደነበር ለተሰበሰበው ሰው ነገርኩ። አያ ደምሌ በትራቸውን ተደገፉ። «አሞኝ ነው ቢሉን ምን ነበረ?» አሉ። ያም ሆኖ እኔ ልውሰደው የሚል አልነበረም። መጋዘኑ ታየኝ።

ያን ጊዜ ከሴቶቹ መካከል እማማ የሺ ብድግ አሉ። ቁልቁለቱ ላይ የወደቀችው ሴት እናት ናቸው።

«እስተ ዛሬ ቃሬዛ ቤቴ አድሮ አያውቅም፤ ሞት ግን ስንቴ አድሯል። ወዲህ በሉት።»

«የሺ፣ ተይ፣ ኋላ...» አሉ አያ ደምሌ።

«ደሞ አንተ! አምጠህ ታውቃለህ?» ብለው ቃሬዛውን በአንድ ጫፍ አነሡ። ሌላውን ጫፍ ልጃቸው ያዘችው።

በጥቅምት አንዲት ወላድ በዚያ ቃሬዛ፣ በጉም ውስጥ፣ ከጉና ሥር ወርዳ በሰላም ተገላገለች። እማማ የሺ በማግሥቱ «ዕቃዬን መልሱ» ብለው መልእክት ላኩ። ጠዋት ጠዋት በራቸውን ሲከፍቱ ከጓዳው ጥግ የቆመውን ቃሬዛ «አለሁ፤ አንተስ?» እንደሚሉት ጎረቤቶቻቸው ነግረውኛል። ኮሚቴው የሰጠነውን የያዡን ስም ተቀብሎ የጎረቤት መንደሮቹን ጥያቄ እየተመለከተ ነው።

እንግዲህ ሲስተር፣ ምስጢርዎን ስላወጣሁ ይቅር ይበሉኝ፤ ቃሬዛው በስምዎ እንዲታማ አልፈለግኩም። ግን አልዋሽዎትም። ብረትና ሸራ ሰው እንደማይጠራ ይህን ያህል ጽፌም፣ በገበያ ቀን ከዚያ የወረደ ሰው ሳገኝ አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ ቃሬዛው አይደለም። «እማማ የሺ እንዴት ናቸው?» እላለሁ፤ መልሱ እስኪመጣ ልቤ ተንጠልጥሎ ይቆያል። እስካሁን «ደኅና ናቸው» ይሉኛል። እርስዎ ግን ይህን ፍርሃት ለማንም ሳያካፍሉ፣ ከፊቱ ተቀምጠው ራትዎን በልተዋል። ነፍስዎን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን። አሁን ይረፉ፣ ሲስተር፤ የቀረውን እኛ እንፈራልዎታለን።