የጋለ ብረት የጨበጠችው ሴት

የባለቤቴን ቀኝ እጅ ያስቆረጠው አለቃው ግርማ ነው። ዛሬ ስሙን የምጠራው በምክንያት ነው።

ልጄ ሰናይት የሣለችው የኮሚክ መጽሐፍ ዛሬ ወጣ። በድሮ የኮሚክ ታሪኮች የምናውቃቸው ግማሽ ሰው ግማሽ ብረት ክፉዎች ከየት እንደመጡ ይተርካል።

በምረቃው ላይ መጽሐፉን የሚሸጠው ልጅ «እማማ፣ ይሄ እኮ የወጣቶች ነው» አለኝ።

«አሰብ ውስጥ መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል የቆጠርኩት ደራሲዋን አዝዬ ነው» አልኩት። አንዱን አንስቶ ሰጠኝ።

ያኔ፣ በደርግ ጊዜ፣ ባለቤቴ ዘነበ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አሰብ ጋራዥ ውስጥ ይሠራ ነበር። ግርማ ሥራው ይፍጠን ብሎ የማሽኑን መከለያ አስነሳ፤ ማሽኑ የዘነበን እጅ በላው። ግርማ «አደጋ ነው» አለ፤ እኛም ፈርተን አደጋ ነው አልን።

ጓደኞቹ ከቧንቧ የብረት እጅ ሠሩለት። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ እጁ የቆሸሸ ይመስል ክንዱን ይዞ ነበር ሰላም የሚለው።

በመጽሐፉም አንዱ ሰው ክፉ የሆነው የብረት እጁን የሚጨብጥለት አጥቶ ነው። አባቷን ክፉ አደረገችው ብዬ ገጾቹን ቶሎ ቶሎ ገለጥኩ።

መጨረሻው ገጽ ላይ ግን ክፉ ያልሆነ ሌላ የብረት እጅ ያለው ሰው አለ። በአሰብ ፀሐይ የጋለውን ብረት አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት መዳፏ እየተቃጠለ ጨብጣዋለች። ያ መዳፍ የእኔ ነው።

«እማዬ፣ አባዬ ለምን ክፉ እንዳልሆነ ነው የሣልኩት» አለችኝ ሰናይት አጠገቤ መጥታ። በሰው ሁሉ ፊት ኮራሁ።

እናንተስ፣ የቤታችሁን ሰው መጽሐፍ ውስጥ አግኝታችሁ ታውቃላችሁ? ንገሩኝ።

እኔ ግን ስለ ዘነበ እጅ ለሚጠይቀኝ ከእንግዲህ «አደጋ ነው» አልልም።