ሳልሃ በእህቷ ዓይን ቀናች

በከርከና ደሴት ሳልሃና ታናሽ እህቷ ዱጃ የዓሣ መረብ እየጠገኑ ይኖሩ ነበር። ዱጃ የዓይን ሞራዋ በተገፈፈ ማግስት ከሩቅ የሚመጡትን ጀልባዎች በየባለቤቶቻቸው ስም ስትጠራ ሳልሃ በቅናት በገነች።

«የእኔንስ ሞራ ለምን ታቆየዋለህ?» አለችው ሐኪሙን።

«እማማ፣ የእርስዎ ዓይን ከዚህ በፊት ለግላኮማ ተሠርቷል። ያኔ በዓይን ውስጥ ለሚጠራቀመው ፈሳሽ መውጫ የከፈትነው ቀዳዳ፣ ሞራውን ስናወጣ ሊደፈን ይችላል። ግላኮማው የወሰደውን እይታ ደግሞ መመለስ አልችልም።»

«ለእሷ ሲሆን ግን አልፈራህም!»

በመጨረሻ ተሠራላት፤ ቀዳዳውም አልተደፈነም። ፋሻው ሲነሳ ዱጃ ወደ ሳልሃ ፊት ጎንበስ አለች።

«እታለም፣ አየሽኝ?»

«አየሁሽ። ምነው እንዲህ አረጀሽ!»

ዱጃ ከት ብላ ሳቀች። የሳልሃ ዓይን ግን በግራ በኩል እንደጨለመ ቀረ። ዛሬም ለሥራ ሲቀመጡ ዱጃን በዚያ በኩል ታደርጋታለች፤ ፈጣን እጆቿን ላለማየት።