መተማ ላይ ያገኘሁት አጎት

ዛሬ መተማ ሆቴል ስይዝ፣ ፎርም የምትሞላልኝ ልጅ «እናቴ፣ እዚህ ከተማ ዘመድ አለዎ?» አለችኝ።

በደርግ ጊዜ ወንድሜን ፍለጋ ስመጣ ያረፍኩት እዚሁ ሆቴል ነው። የመረጥኩት ግቢው ውስጥ አልጋ ስለሚዘረጋ ነበር። የመተማን ሙቀት የማያውቅ ክፍል ይምረጥ።

የቀበሌ ይለፍ ግን አልያዝኩም። ያለ ይለፍ እንግዳ ማሳደር ደግሞ ያሳስራል።

ባለቤቱ ሐጂ ፊቴን አይተው መዝገቡ ላይ «የእህቴ ልጅ» ብለው ጻፉኝ።

የቀበሌው ተቆጣጣሪ መጣ። የአንገቴን ማተብ አየ፣ የሐጂን ቆብ አየ። «የእህትዎ ልጅ ናት?»

«እህቴ ክርስቲያን አገባች፤ ምን ላድርጋት?» አሉ ተቆጥተው።

ሰውየው ሳቁን ዋጥ አድርጎ ፈረመ።

ወንድሜን አላገኘሁትም።

ፎርም ለምትሞላልኝ ልጅ «አጎት ነበሩኝ» አልኳት።

እናንተስ፣ እንግዳ ሆናችሁ ገብታችሁ ዘመድ ሆናችሁ የወጣችሁበት ቤት አለ?