ሉባባ ያነበበችልኝ ሙገሳ

ልጅ እያለሁ ዓይን አልስልም ነበር። መካነ ሰላም ውስጥ ቁርአን የሚያስቀሩት አባቴ አንድ ቀን የሳልኳትን ሴት አዩብኝ። ይቆጡኛል ስል፣ «ነፍስ ያለው ነገር ሙሉ አድርጎ መሳል አይወደድም፤ ካላስቻለሽ ዓይኑን ተዪው» አሉኝ። እኔም ተውኩት። አፍንጫው፣ ከንፈሩ፣ ሻሹ ሁሉም ይኖራል፤ ከቅንድቡ ስር ግን ባዶ ወረቀት ነው።

የምስላት ሰልማን ነበር። ሰልማ በአማርኛ እየተተረጎመ በዲሽ ይታይ የነበረ የውጭ ተከታታይ ድራማ ላይ ያለች ልጅ ናት። የምናያት እነሉባባ ቤት ነው፤ እናቷ ጅዳ ስለነበሩ ዲሹም ስልኩም እነሱ ዘንድ ነበር። ሉባባ የልብ ጓደኛዬ ናት፤ ዘጠነኛ ክፍል የአንድ ለአምስት የጥናት ቡድናችን እንኳ አንድ ነበር። ፌስቡክ ላይ የሰልማ ወዳጆች ቡድን እንዳለ የነገረችኝም እሷ ናት። እዚያ ሰዉ ሰልማን ይስላል፤ ደግሞ «እንዲህ ብትሆንስ ኖሮ» እያለ ሌላ ሕይወት ይፈጥርላታል። እኔም ከዚያ ቪላዋ አውጥቼ ወግዲ ገበያ ምስር አስቸረቸርኳት። መልከ መልካሙን ፍቅረኛዋን ደግሞ ከአጅባር ደሴ የሚመላለስ አውቶቡስ ረዳት አደረግኩት። በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ደሴ! ደሴ!» ሲል ስጽፈው ሉባባ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር።

ሥራችን የተከፋፈለ ነው። እኔ እስላለሁ፣ እጽፋለሁ፤ እሷ ፎቶ አንስታ ትለጥፋለች። ስልኩን አታስነካም፤ እናቴ አደራ ብላኛለች ትላለች። በነጋታው ከትምህርት ቤቱ አጥር ስር፣ የባሕር ዛፉ ቅጠል እየሸተተን፣ ሰዎች የጻፉትን ታነብልኛለች። «ዘይኔ፣ እጅሽ ይባረክ!» «ዘይኔ፣ ረዳቱን እንዳትነጥቂን!» የማላውቀው ሰው በስሜ ሲጠራኝ ጉንጬ ይግል ነበር። ሒሳቡንም ፊዚክሱንም ትቼ ሥራዬ ሰልማ ብቻ ሆነች።

ክረምት ላይ ደሴ የሚማረው ወንድሜ ለእረፍት መጣና ስልኩን ለመንኩት። እየተኩራራሁ ቡድኑን አስከፈትኩት። ሥዕሎቼ ሁሉ አሉ። ከእያንዳንዱ ሥዕል አናት ላይ ግን የሉባባ ስም ነው ያለው። «ዘይኔ» ብላ ያነበበችልኝ ሁሉ «ሉባባዬ፣ እጅሽ ይባረክ» ነው የሚለው። ስልኩ የሷ ስለሆነ ይሆናል ብዬ ልውጠው ስል ወንድሜ ሳቀ።

«እኔ ምልሽ፣ የሉባባ አባት ሹፌር አይደሉም እንዴ? ቁርአን ማስቀራት የጀመሩት መቼ ነው?»

አንዷ ለምን ዓይን እንደማትስል ጠይቃታለች። ሉባባም «አባቴ ቁርአን ያስቀራሉ፤ ዓይኑን ተዪው ስላሉኝ ነው» ብላ መልሳለች። ከስሩ ሰዉ «እንዴት ያለ ደግ አባት ነው ያለሽ!» እያለ ተቀባብሎታል። ሥዕሉንስ ትውሰደው፤ አባቴን ጭምር መውሰዷ አንጀቴን አሳረረው።

ሄጄ ስጠይቃት እፍረት እንኳ አላየሁባትም። «ወላሂ ላንቺ ብዬ ነው። ስምሽ ቢወጣ አባትሽ ምን ይሉ ነበር? በይ እንግዲህ፣ የኔ ነው ብለሽ ጻፊ!» አለችኝ። እንደማልደፍር ታውቃለች። አባቴ ወረቀት ላይ እንድስል እንጂ አገር በሚያየው ፌስቡክ ላይ እንዳወጣው መች ፈቀዱ? እያለቀስኩ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። የታሪኩን ቀሪ ራሷ ጻፈችው። አውቶቡሱን ገልብጣ ረዳቱንም ሰልማንም ገደለቻቸው፤ ሰዉም አለቀሰላት።

ዛሬ የራሴ ስልክ አለኝ። ሥዕሎቼን ራሴ እለጥፋለሁ፣ ስሜም ከላያቸው አለ። አባቴም አይተው «ማሻአላህ» ከማለት ሌላ ምንም አላሉም፤ ያን ሁሉ ዝም ያልኩት በከንቱ ነበር። በሉባባ ዛሬም አልበረደልኝም። አድናቂዎቼ ከያኔው ይበዛሉ፤ የሚጽፉልኝን ብቻዬን አነበዋለሁ። እሷ በውሸት በስሜ እየጠራች ታነብልኝ በነበረበት ጊዜ እንደተደሰትኩት ግን አንድም ቀን ተደስቼ አላውቅም።