የመቀናጆ በሬ

እኔ የጡረታ ደብተር የለኝም። ሳዑዲ፣ ኾበር ከተማ፣ ዐቅረቢያ ሰፈር፣ ወርሻ በምንላት የስፌት ቤት ውስጥ፣ ወለል ላይ ተቀምጬ መጅሊስ የሚሉትን የሳሎን ወለል መቀመጫ ለሰው እየሰፋሁ ጎልማሳነቴን ጨረስኩ። ጉልበቴ ቆሞ መሄድ እሺ፣ መታጠፍ ግን እምቢ ሲለኝ መቀሱንም መርፌውንም ለልጄ አስረክቤ፣ ወሎ ወዳለው የአባቴ ቤት ገባሁ። ጡረታዬ ይኸው ነው። ማንም አልሰጠኝም፣ ማንም አይነሳኝም።

በዚያ ቤት እኮራለሁ። ኩራት ደግ አይደለም ይላሉ፤ በሰው ላይ ሲሆን እውነት ነው። በሠሩት መኩራት ግን ምስጋና ነው ባይ ነኝ። ጓደኞቼ ደመወዛቸውን በሰዓትና በሽቶ ሲጨርሱ እኔ የአባቴን ቤት ላድስ ድንጋይ አስጠርብ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት እንኳ ያለ አስተማሪ ነው፤ ካገር ቤት የሚመጣ በርበሬ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ፣ የሚያነብ ሰው ባገኘሁ ቁጥር እየጠየቅኩ።

አሁን ክረምት ሲገባና ጭቃው መንገዱን ሲዘጋው፣ በሩ ሥር ተቀምጬ አነባለሁ። መስከረም ሲጠባ ጎርፍ የናደውን እርከን እየዞርኩ እክባለሁ። በኅዳር አጨዳ ላይ፣ በታኅሣሥ አውድማ ላይ ነኝ። በጋው ሲከር ቀንበር እጠርባለሁ፣ ሞፈር አቃናለሁ። እጄ ሥራ ሲያጣ አፌ ሰው ያማል፤ ራሴን አውቃለሁ። ከዚያ በልግ ይመጣል። የበልግ ዝናብ ደጅ ቆሞ አይጠብቅም፤ ያልተዘጋጀ ሰው ሲንደፋደፍ ያልፈዋል።

በሬ ያለኝ አንድ ነው። አንድ በሬ ደግሞ አያርስም። ከአጥር ማዶ ያለው ጎረቤቴም ያለው አንድ ነው። ስለዚህ በሬዎቻችንን አንድ ቀንበር ላይ እንጠምዳለን፤ አንድ ቀን የእሱ ማሳ ይታረሳል፣ አንድ ቀን የእኔ። መቀናጆ ይባላል። ፊርማ የለው፣ ምስክር የለው። ከዐረብ አገር የተመለስኩ ሰሞን መንደርተኛው «ሳዑዲው» ነበር የሚለኝ። በሬዬ ከጎረቤቴ በሬ ጋር ከተጠመደ በኋላ ነው በስሜ የጠራኝ።

ዘንድሮ አውድማው እንደተነሳ ልጄ በዚያራ፣ በዘመድ መጠየቂያ ቪዛ፣ ወደ ኾበር ጠራኝ። እናቱ ወደ አኼራ ከሄደች ወዲህ ብቻዬን መሆኔ ያሳስበዋል። በሬዬን ከጎረቤቴ በሬ ጋር በእኔ በረት እንዲያድር ለእሱ አደራ ትቼ፣ «ለበልግ እደርሳለሁ» ብዬ መጣሁ። ወርሻዋን አስፍቷት አገኘሁ። የሰፋውን መጅሊስ ስፌት በጥፍሬ ሳብኩት፤ አልላላም። አላመሰገንኩትም፤ ልጅ ፊት ለፊት ሲመሰገን ይበላሻል ብዬ ነው ያሳደግኩት። ያን ቀን ግን ምሳ ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ።

ኾበር ወቅት የላትም፤ ሙከይፍ የሚሉት ማቀዝቀዣ የሚበራበትና የሚጠፋበት ጊዜ ብቻ ነው ያላት። ይህን ስል ምራቴ፣ «አባባ፣ ጭቃ ካማረዎት በባልዲ በጥብጬ አቀርብልዎታለሁ» እያለች ትስቅብኛለች።

አንድ ቀን ደማም ከተማ፣ ፈይሰሊያ ሰፈር፣ ለአንድ ቤት መጅሊስ አድርሰን በልጄ መኪና ስንመለስ ስልኬ ጮኸ። ጎረቤቴ ነው።

«እንኳን ደስ ያለህ!» አለኝ ከሰላምታው ቀጥሎ።

«በምኑ?»

«ባለ ጥንድ በሬ ሆንክ አይደል? በል፣ የእኔን ምስኪን በሬ ካንተ በረት አስወጥቼዋለሁ። ከሀብታም በሬ ጋር ምን ያጋፋዋል!»

«የምን ጥንድ ነው የምታወራው?»

«ልጅህን ጠይቀው። ዝናቡ ግን ገብቷል። ደህና ዋል።» ዘጋው።

መሪ የያዘው ልጄ ጆሮው ቀልቷል።

«አባዬ፣ በድንገት ደስ ላሰኝዎት ብዬ ነው የደበቅኩት» አለ። «የአጎቴ ልጅ በሬ ገዝቶልኝ በረትዎ አስገብቷል። አራሽ ይቀጠራል። ቪዛዎን አሳድሳለሁ፣ እርስዎ እዚሁ ያርፋሉ። ኸላስ፣ በቃ፣ ከማንም ጋር መቀናጀት የለም።»

«ሰውየውስ?»

«የቱ ሰውዬ?»

«በሬው ብቻውን የቀረው።»

ልጄን ገና ጢም ሳያበቅል ነው ወደዚህ ያመጣሁት፤ ሞፈር ጨብጦ አያውቅም። እዚህ የጎደለ ነገር ይገዛል፤ ያለቀ ይመስለዋል።

«ስማ» አልኩት። «ባለ አንድ በሬ ሁሉ በዚህ ሰሞን ተቀናጅቶ ጨርሷል። ዛሬ ጓደኛ ያጣ በሬ፣ ጌታው ገብስ ሳይዘራ ዝናቡ ይሄዳል። ልታሳርፍ ያሰብከው እኔን ነበር፤ ያሳረፍከው የሰው ማሳ ነው። እኔም አገሬ ስገባ፣ ጎረቤቱን ጦም አሳድሮ በጥንድ የሚያርስ ሰው ሆኜ ልገባ ነው።»

«ሙሽኪላ የለም፣ ምንም ችግር የለም፣ ብር እልክለታለሁ» እንዳይለኝ ፈራሁ። ቢለኝ ከመኪናው እወርድ ነበር። አላለኝም። መንገዱን ለቆ ዳር ላይ አቆመና እጁን ዘረጋ።

«ስልኩን ይስጡኝ።»

ስፒከሩን ከፍቶ ደወለ። ጎረቤቴ እንዳነሳው፣ «ጋሼ፣ እኔ ነኝ፣ ልጁ» አለ።

«አወቅኩህ፣ ባለ በሬ!»

«ይስደቡኝ፣ ይገባኛል። አባዬ አያውቁም ነበር፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በሬዎ ወደ ቀንበሩ ይመለስ። የእኔን ዛሬውኑ አስሸጠዋለሁ።»

«በልግ ገብቶ በሬ ይሸጣል? ይህንንስ ከየት ተማርከው?» ጎረቤቴ ሳቀ፤ ሳቁን ስሰማ ልቤ ተመለሰ። «ከወንዙ ማዶ ባሏ የሞተባት ሴት አንድ በሬ ይዛ የሚቀናጃት አጥታለች። ያንተ ከእሷ ጋር ይጠመድ።»

«እሺ፣ ይጠመድ።»

«እሺ ብቻ? መቀናጆ በሬ ሰጥቶ መተኛት አይደለም። እርፍ የሚጨብጥ ወንድ ትፈልጋለች። አንተ መርፌ ይዘህ ተቀምጠሃል። ስላንተ ማን ሊቆም ነው?»

ልጄ ወደ እኔ ዞረ። ሊያስቀረኝ ያሰበው ከዚህ ነገር እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

«አባዬ ይቆሙልኛል» አለ። «ትኬታቸውን ዛሬ እቆርጣለሁ።»

ብዙ አባቶች ልጃቸው በሠራው ፎቅ ይኮራሉ፤ አልነቅፋቸውም። እኔ ግን ልጄ ጥፋቱን ራሱ፣ በእኔ ፊት፣ ሳያድበሰብስ ለሌላ ሰው ሲናገር ሰማሁ። ከዚያ በላይ ምን እንደማስተምረው አላውቅም። ያስጠረብኩት ድንጋይ ሁሉ ለዚህ ልጅ ከነበረ፣ አልከሰርኩም።

በዚያው ቀን ምራቴ ሻንጣዬን አወረደች። «ጭቃው አሸነፈኝ» አለች።

ልጄ ትኬቱን ከቆረጠ በኋላ አጠገቤ ተቀመጠ።

«በሬዬ የሚጠመደው በቀኝ ነው በግራ?»

«የሴትዮዋ በሬ ቀኙን የለመደ ነው» አልኩት። «ያንተ አዲስ ገቢ ነው፣ ግራውን ይማራል።»

«ይማር» አለ።